ኮሌጅ ከቤተ ክርስቲያን እጅ ሲወጣ እምነቱ አብሮ ይወጣል?

የታቦር ሥር (ሀዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ቡና ላይ ተከራክረን ሳንግባባ ተለያየን። አሜሪካ፣ ናሽቪል ያለው ቤልሞንት ዩኒቨርሲቲ በ2007 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ከቴነሲ ባፕቲስት ኮንቬንሽን (የግዛቲቱ ባፕቲስት አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት) ተለይቷል፤ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ነኝ ማለቱን ግን አልተወም። በ2021 ፕሬዚዳንት የሆኑት ግሬግ ጆንስ ደግሞ ባፕቲስት ሳይሆኑ የሜቶዲስት (የሌላ ፕሮቴስታንት ቤተ እምነት) አገልጋይ ናቸው። ጓደኛዬ "አለቀ፣ መንሸራተት ነው" ይላል። እኔ መሪው ጌታን ከወደደ ምን ችግር አለው ባይ ነኝ። እናንተስ?

የሒሳብ ሰው፦
ሜቶዲስትነታቸው ላይ ምን አንጠለጠላችሁ? ጠቡ እኮ የቦርድ ነበር። ቦርዱን የሚመርጠው ኮንቬንሽኑ፣ አባላቱም ባፕቲስቶች ብቻ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው ሌሎች ክርስቲያኖችም ይግቡ፣ ራሳችን እንምረጥ ሲል ኮንቬንሽኑ ለዓመታት የሰጠሁትን ገንዘብ መልሱ ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። በመጨረሻ በ11 ሚሊዮን ዶላር ታረቁ፣ አብዛኛው በ40 ዓመት ተከፋፍሎ የሚከፈል። የእምነት ጉዳይ ነው ስትሉ ብሩንም እዩት።

ሐይቅ ዳር፦
ጓደኛህ ዝም ብሎ አልፈራም። እዚያው አሜሪካ ያለውን ብራውን ዩኒቨርሲቲን ባፕቲስቶች በ1764 ሲመሠርቱ ፕሬዚዳንቱ ባፕቲስት ይሁን ብለው ቻርተሩ ላይ ጻፉ። በ1926 ተሰረዘ፣ በ1937 ሜቶዲስቱ ሄንሪ ሪስተን ተሾሙ። ዛሬ ብራውንን የባፕቲስት ትምህርት ቤት የሚል አለ? እርግጥ ተማሪን በሃይማኖት አንለይም ያሉት ከጅምሩ ነው፤ ጥፋቱን ሁሉ ሰውዬው ላይ መጫን አይቻልም።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆች፣ ምን አሜሪካ ድረስ አስኬዳችሁ? በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ጃንሆይ የሾሙት ካናዳዊውን ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ካህናት ማኅበር አባል) ሉሲየን ማትን ነው። በሱስንዮስ ጊዜ ያ ሁሉ ደም የፈሰሰበት ማኅበር ሰው፣ በኦርቶዶክስ ንጉሥ! እሳቸውም ባልደረቦቻቸውም በሱፍና በከረባት ነበር የሚሠሩት፣ ቀሚስ የለ፣ ስብከት የለ። ካህንነታቸው አልቀረም፤ ግን ኮሌጁ ካቶሊክ አልሆነም። ሿሚው ነው ልኩን ያበጀው።

የታቦር ሥር፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ግን ቦርዱ ራሱን በራሱ ከመረጠ እሱንስ ማን ልክ ያበጅለታል?

የሒሳብ ሰው፦
ከውጭ ማንም። ዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲም በ1986 ከኖርዝ ካሮላይና ባፕቲስቶች አስተዳደር ወጥቶ እንደዚያው ነው የሆነው። ይሁንና በ1999 የራሱን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ከፍቷል፣ ማንም ሳያስገድደው። ያን ለጓደኛህ ንገረው፣ ቡናውን እኔ እከፍላለሁ።