ክርክር፦ የጌም ሙዚቃ በኦርኬስትራ ሲቀርብ ስክሪኑ ይኑር ወይስ ይውጣ?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኸውና። የቪዲዮ ጌም ሙዚቃ ኮንሰርት በሁለት መንገድ ይቀርባል። አንዱ ከኦርኬስትራው በላይ ትልቅ ስክሪን ሰቅሎ የጌሙን ቪዲዮ ከሙዚቃው ጋር እኩል ማስኬድ ነው። ሌላው ሙዚቃውን ብቻ፣ እንደ ማንኛውም ሲምፎኒ ማቅረብ። የቱ ይሻላል? ከነምክንያቱ ጻፉ። "ደስ ይላል" ብቻ አይበቃም።

ሄኖክ፦ ይውጣ። ቪዲዮ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ክሊክ አለ። ክሊክ ለማታውቁ፣ በሄድፎን የሚመጣ የማይለወጥ ቆጠራ ነው፤ መሪውና ከበሮ መቺዎቹ በአንድ ጆሯቸው ይሰሙታል። ቪዲዮው በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ከሄደና የሙዚቃው ፍጥነት በደቂቃ 120 ምት ከሆነ፣ እያንዳንዱ ምት 15 ፍሬም ነው። ከዚያ ዝንፍ የለም። ኦቦ የተባለውን የትንፋሽ መሣሪያ የምትነፋዋ ረጅም ዜማ ጨርሳ አየር ለመሳብ ግማሽ ሰከንድ ብትፈልግ አታገኝም። ሆርኖቹ (ከናስ የተሠሩ ቀንዶች) ከፍተኛው ኖታ ላይ ሊወጡ ሲሉ መሪው ትንሽ ሊያቆይላቸው ቢፈልግም አይችልም። ታዲያ 80 ሰው መድረክ ላይ ያወጣነው ለምንድን ነው?

ያለ ስክሪን እንደሚቻል ማስረጃው ፋይናል ሲምፎኒ የተባለው፣ ከፋይናል ፋንታሲ ጌሞች ሙዚቃ የተሠራው ኮንሰርት ነው። በ2013 የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በባርቢካን አዳራሽ ተጫውቶታል። የፋይናል ፋንታሲ 10 ሙዚቃ የፒያኖ ኮንቸርቶ (ፒያኖ ከኦርኬስትራ ጋር)፣ የ7ኛው ደግሞ ባለ ሦስት ክፍል ሲምፎኒ ሆኖ ነው የተሰናዳው። ዜማው ይገለበጣል፣ ከሌላው ጋር ይጋጫል፣ ተመልሶ ይመጣል። ይህን ለመከተል ጆሮ ይበቃል።

ማርታ፦ ሄኖክ፣ ስለ ክሊክ ያልከው ልክ ነው፤ ጥፋቱን ግን በስክሪኑ አታላክክ። ሆሊውድ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሌላ ዘዴ አለው። መሪው ፊት ባለው ሞኒተር ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ጫፍ ሲደርስ ነጭ ብልጭታ ይበራል። ብልጭታው ሙዚቃውና ምስሉ የግድ መገናኘት ያለባቸው ቦታ ነው። በሁለት ብልጭታዎች መካከል ያለውን መሪው እንደ ስሜቱ ያፈጥናል፣ ያዘገያል። ኦቦዋም አየሯን ትስባለች።

ከዚህም የሚቀል አለ። ቪዲዮውን እንደ አንድ ፊልም አታስኪዱት፤ 20 እና 30 ሰከንድ በሚሆኑ ቁራጮች ከፋፍሉት። ኖታ ማንበብ የሚችል ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጥና እያንዳንዱን ቁራጭ በባር (ኖታው በምት በሚከፈልባቸው ክፍሎች) ቁጥር ያስነሳ። ያኔ ምስሉ መሪውን ይከተላል። ግን ከየቁራጩ መጨረሻ 5 ወይም 6 ሰከንድ ትርፍ ምስል ተዉ፤ መሪው ቢያዘገይ ስክሪኑ ይጠቁራልና።

ደግሞ ሙዚቃው የተጻፈው ለምስልና ለድርጊት ነው። በ2005 ቪዲዮ ጌምስ ላይቭ የተባለው የጌም ሙዚቃ ኮንሰርት ከሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ ጋር በሆሊውድ ቦውል ሲጀምር ብዙ ሺህ ሰው የመጣው የሚወደውን ጌም ሊያይም ጭምር ነው። ያንን ሰው ከበር መመለስ አይገባም።

ጋሽ ዳዊት፦ ልጆች፣ ሁለታችሁም ክሊክ ለቪዲዮ ብቻ የመጣ አስመሰላችሁት። በብዙ የጉዞ ኮንሰርቶች ክሊኩ የሚያስፈልገው ከኦርኬስትራው ጋር አብሮ ለሚሄደው፣ ቀድሞ ለተቀረፀው ድምፅ (ለቅጂው) ነው። በስቱዲዮ ሆርኑ ሁለት ጊዜ ተቀርፆ ይደራረባል፣ ሲንተሳይዘር ይገባበታል፣ መዘምራን ይጨመሩበታል። መድረክ ላይ ግን 45 ሰው ነው ያለው። የጎደለው በቅጂ ይሞላል፤ ቅጂ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ስክሪኑን ብታወርዱትም ክሊኩ እዚያው ነው።

ብልሽቱም ከዚያ ይጀምራል። ድምፅ በአየር ላይ አንድ ሜትር ለመሄድ ወደ 3 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ከመሪው 15 ሜትር ርቆ የቆመ ቲምፓኒ (ትልቅ ከበሮ) ለመሪው ጆሮ 44 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ይህ ከአንድ ፍሬም ይበልጣል። ቲምፓኒው ክሊክ እየሰማ፣ ቫዮሊኖቹ እጅ እያዩ ሲጫወቱ ክፍተቱ በግልጽ ይሰማል። ሄድፎኑ ክፍት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ክሊኩ አጠገቡ ባለው ማይክ ይገባል። ሙሉ ኦርኬስትራው ሲጮኽ ማንም አያውቅም፤ ሃርፕ (የኦርኬስትራው በገና) ብቻዋን ስትቀር ግን ጭው ባለው አዳራሽ ውስጥ "ጠቅ፣ ጠቅ" ይላል። የተዘጋ ሄድፎን፣ በአንድ ጆሮ፣ ድምፁም ዝቅ ያለ። ቅጂውን የሚያጫውቱ ኮምፒውተሮችም ሁለት ሆነው እኩል ይሂዱ፤ አንዱ ቢቆም ወዲያው ወደ ሌላው እንዲዞር።

ሰላም፦ ጋሽ ዳዊት፣ ስለ ቅጂው ያሉት ትልቁን ችግር ነክቷል። እኔ ግን ጥያቄው ራሱ ጠቦብኛል። የጌም ሙዚቃ ከፊልም ሙዚቃ የሚለየው ጌሙን የሚጫወተው ሰው ባደረገው መጠን በመለዋወጡ ነው። ሉካስአርትስ በ1991 በመንኪ አይላንድ 2 ጌም ላይ ያስገባው አይሚዩዝ የተባለ ሥርዓት ገጸ ባሕርዩ ቦታ ሲቀይር ዜማውን ሳያቋርጥ ወደ ሌላው ያሻግረው ነበር። ዛሬ ዋይዝ ወይም ኤፍሞድ በተባሉ የጌም ድምፅ ሶፍትዌሮች ያው ሥራ በንብርብር ይሠራል፤ ጠላት ሲመጣ ከበሮው ይከፈታል፣ ሲሄድ ይዘጋል። የተቀዳ ቪዲዮ ይህን አያሳይም። ያለ ስክሪን የሚቀርበውም ዜማውን ወስዶ ይህን ይጥለዋል።

ጆርኒ በተባለው ጌም ግን ተሞክሯል። ሙዚቃው የኦስቲን ዊንቶሪ ነው። ተጫዋቹ መድረክ ላይ ጌሙን ይጫወታል፤ ትንሽ የሙዚቃ ቡድን እያየ ይከተለዋል። እንዲህ ላለው ዝግጅት ኖታው የሚጻፈው ተቆራርጦ ነው። ከ4 እስከ 8 ባር ያለው ክፍል ይደጋገማል፤ ተጫዋቹ ሲያልፍ መሪው ግራ እጁን ያነሣል፤ ባሩ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ቀጣዩ ምልክት ይዘላል። ባሱ በአንድ ኖታ ላይ ከቆየ ከየትኛውም ባር መውጣት ይቻላል፤ ባሱ የሚራመድ ከሆነ መውጫው አንድ ብቻ ይሆናል፣ ተጫዋቹም ከሙዚቃው ይቀድማል። ገጽ መገልበጫ ላይ መውጫ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። ሁለት ቫዮሊኒስቶች አንድ የኖታ ወረቀት ይጋራሉ፤ አንዱ ሲገለብጥ የመሪውን እጅ የሚያየው ግማሹ ብቻ ነው።

ማርታ፦ ይሄ ደስ አለኝ። ስክሪኑም ሥራ አገኘ ማለት ነው።

ሄኖክ፦ ሰላም ያልሽው ለ15 ወይም ለ20 ሰው ይሠራል። ለ80 ሰውና ለመዘምራን፣ ልምምዱም ብዙ ጊዜ ሦስት ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ በእጅ ምልክት መዝለል አደገኛ ነው። የናስ መሣሪያ ነፊዎቹም አይችሉትም። በስቱዲዮ በየቀረፃው መካከል ከንፈራቸውን ያሳርፋሉ፤ መድረክ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚደገም ያልታወቀ ጮክ ያለ ክፍል ከተሰጣቸው ከእረፍት በኋላ ያለው ግማሽ ይበላሻል። ቢያንስ አምስተኛ ሆርን ይጨመር። ለትንሽ ቡድን ስክሪኑ ከነተጫዋቹ ይኑር፤ ለሙሉ ኦርኬስትራ ግን አሁንም ይውጣ እላለሁ።

ጋሽ ዳዊት፦ ይኑርም ይውጣም፣ ቅጂ አብሮ የሚሄድ ከሆነ ትኬቱ ላይ ይጻፍ። ሰው የከፈለው በቀጥታ ለሚጫወት ኦርኬስትራ ነው።