ከገደሉ የዘለለው ጦረኛ፦ ዓለሙ ከሕጉ ይቀድማል?

የውጫሌው ልጅ፦
ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ላይ በተጫወትነው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (ጨዋታ መሪው ዓለሙን እየተረከ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ገጸ ባሕርይ ይዞ በዳይስ የሚጫወተው ጨዋታ) የተሰጠው ውሳኔ ስላልተዋጠልኝ እዚህ አነሣዋለሁ። የምጫወተው ገጸ ባሕርይ፣ ጦረኛዬ፣ የአምባሰልን ገደል አስመስለን በሣልነው አፋፍ ላይ በጠላት ተከቦ ሳለ ወደ ታች ዘለለ። የሕይወት ነጥቡ፣ ማለትም ጉዳት ሲደርስበት የሚቀነስለት ቁጥር፣ 134 ነበር። የጨዋታው አምስተኛ እትም ሕግ፣ ሰው ሲወድቅ ለእያንዳንዱ 10 ጫማ አንድ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ እንዲጣል ያዛል፤ የዳይሱ ብዛት ግን ከ20 እንዳያልፍ ይገድባል። ስለዚህ ገደሉ የቱንም ያህል ቢረዝም ጉዳቱ ከ120 ሊበልጥ አይችልም። ጨዋታ መሪያችን ግን ዳይስ እንኳ ሳያስጥል «ሞቷል» አለ፤ ምክንያቱን ስጠይቀውም «ዓለሙ ከሕጉ ይቀድማል» ብሎ ነገሩን ዘጋው። እኔ የዚያን ዓለም ገደል በዓይኔ አላየሁትም፤ ያየሁት ሕጉን ነው፤ በእርሱም ተማምኜ ወሰንሁ። እኔ ከወሰንሁ በኋላ የሚነገረኝ ዓለም እንዴት ቀደመ ይባላል?

ሐይቅ ዳር፦
ውሳኔው ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የጨዋታ መሪዎች መመሪያ ራሱ፣ ሕጉ የተጻፈው ለጨዋታው እንጂ የዓለሙን ፊዚክስ ለመግለጽ እንዳልሆነ በግልጽ አስፍሯል። ከዚያ በፊት በሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎች ተሰልፈው አንድ ጦር ቢቀባበሉ፣ ሁሉም ተራቸውን የሚያደርሱበት አንድ ዙር 6 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ፣ ጦሩ ከጥይት በላይ ፈጥኖ ይወጣል ብለው የሚሟገቱ ተጫዋቾች ነበሩ። ይህን የማይቀበል ሰው፣ ከዚያ ገደል ዘልሎ አቧራውን አራግፎ የሚሄድን ጦረኛ በምን ሕሊናው ይቀበላል? አምባሰልን ከሥሩ ቆሞ ያየ ሁሉ ይፍረድ።

የውጫሌው ልጅ፦
ያደግሁት ከአምባሰል ሥር ስለሆነ በእርሱ ልትመሰክርብኝ አትችልም። የገበሬዎቹ ምሳሌ ስለ ጦር ፍጥነት ምንም ያላለውን ሕግ ያላለውን ማስባል ነው። የውድቀት ሕግ ግን የተጻፈው ለውድቀት ነው፤ እኔም የተጠቀምሁበት ለውድቀት ነው። ሁለቱን አንድ አድርገህ አታቅርብ።

የደሴዋ፦
ሁለታችሁም የሕይወት ነጥብን እንደ ሥጋና አጥንት ስለቆጠራችሁት ነው የተጣላችሁት። ጨዋታውን ከዴቭ አርነሰን ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣው ጌሪ ጋይጋክስ፣ በ1979 ባሳተመው መመሪያ፣ ነጥቡ የአካል ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን የውጊያ ልምድን፣ ዕድልንና የአማልክትን ጥበቃ ጭምር እንደሚያካትት አብራርቷል። እንግዲያው ጦረኛው 110 ነጥብ አጥቶ ቢተርፍ፣ ሕጉ የነገረን መትረፉን ብቻ ነው። ከገደሉ ወገብ ላይ የበቀለ ጥድ ይዞት ይሁን፣ ወይም ተንሸራትቶ ከአፈር ክምር ላይ አርፎ፣ ይህን የሚተርከው ጨዋታ መሪው ነው። ዓለሙም ሳይጎድል ሕጉም ሳይፈርስ መጫወት ይቻል ነበር።

ሐይቅ ዳር፦
እህቴ፣ ዕድል ላልታሰበ ነገር ነው። ገፍተውት የወደቀ ሰው ጥድ ያዘው ብትዪኝ እቀበላለሁ። አስቦና ቆርጦ የዘለለ ሰው ግን ጥዱን ከየት አውቆ ነው? 134 የሚለውን ቁጥር የሚያውቀው ወረቀቱን የያዘው ተጫዋች እንጂ ጦረኛው አይደለም።

የደሴዋ፦
ቁጥሩን አያውቅም፤ ራሱን ግን ያውቃል። የዘንዶ እሳት ወርዶበት በሁለት እግሩ የቆመ ሰው፣ እንደ ጎረቤቱ እንዳልተፈጠረ ሳይገባው ይቀራል? ደግሞስ ጠላት የከበበው ሰው ሊዘልል የሚነሣው ጥድ አይቶ ነው እንዴ?

ከኮምቦልቻ፦
እኔ በዕድሜ ስለምበልጣችሁ የማውቀውን ልናገር። በአባቶቻችን ሰንጠረዥ፣ በአገራችን ጥንታዊ ቼዝ፣ መጀመሪያ ላይ ወረራ አለ፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ። የትኛው ጦርነት እንዲህ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሕግ ሕግ ነው፤ ዳይሱ ይጣል።

የውጫሌው ልጅ፦
ጋሼ፣ ለእኔ ስለቆሙልኝ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ መርታት አልፈልግም። በሰንጠረዥ ላይ ንጉሡን እንዲታረቅ መለመን አይቻልም፤ በእኛ ጨዋታ ይቻላል፤ ሕጉ ያልዘረዘረውን ሁሉ መሞከር የምንችለው ዓለም ስላለ ነው። ዓለሙ ይቅር አላልሁም። ጥያቄዬ «ይቀድማል» የሚለው ላይ ነው፤ ማን አይቶት ነው የሚቀድመው?

ወልድያ፦
የጨዋታ መሪው ዓለምም እኮ በራሱ ሕግ አይቆምም። በዚሁ ጨዋታችን ንጉሡ በመርዝ ሞቶ አገሩ በአልጋ ይገባኛል ተከፋፍሏል። በሕጉ ግን ሙታንን የማስነሣት ድግምት አለ፤ 500 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣ አልማዝ ከተገኘና ሰውየው ከሞተ 10 ቀን ካላለፈው ይነሣል፤ መርዙም ይሽራል። የንጉሥ ግምጃ ቤት ይህን አልማዝ አጥቶ ነው? ይህ ድግምት ባለበት ዓለም ንጉሥን መርዞ አልጋ መውረስ የሚያስብ መኳንንት አይኖርም ነበር። ሕጉን በዓለሙ ላይ ሳታስቡት ዓለሙ ይቀድማል ካላችሁ፣ የቀደመው የመሪው ሐሳብ ብቻ ነው።

ሐይቅ ዳር፦
ድግምቱ የሚሠራው ነፍሱ መመለስ ከፈቀደ ነው። ንጉሡ አልፈቀደም።

ወልድያ፦
ይህንን መልስ ያገኘኸው ከዚያው ከሕጉ ነው! ንጉሡ ሲሆን ሕጉ የዓለሙን እውነት ይናገራል፤ ጦረኛው ሲሆን ግን ዝም ይበል ትላለህ።

ሐይቅ ዳር፦
የሚጠቅመኝን መርጬ አይደለም። ሕጉ ዓለሙን የሚያሳምር ሲሆን እንከተለዋለን፤ ዓለሙን የማይታመን ሲያደርገው እንተወዋለን፤ መሪ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ሰባራ እግርና ሰባራ እጅ በሕጉ እንዲቆጠርለት የሚፈልግ ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ሩንክዌስት የተባለው ሌላ ጨዋታ ለእያንዳንዱ አካል የራሱን ነጥብ ሰጥቷል፤ ወደዚያ እንሂድ።

የደሴዋ፦
ጨዋታ እንቀይር ማለት መልስ አይደለም። ይህን ዓለም ዓመት ሙሉ የገነባነው አብረን ነው፤ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። የማይታመን መሆኑን የሚወስነውስ ለምን እርሱ ብቻ ይሆናል? ከመዝለሉ በፊት «ይህ ገደል ይገድልሃል» ብሎ ቢያስጠነቅቀው ኖሮ ይህ ሁሉ ክርክር ባልተነሣ ነበር።

ሐይቅ ዳር፦
ገደል ገዳይ መሆኑ ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል?

የውጫሌው ልጅ፦
ከዚያ በፊት ከግንብ ላይ 80 ጫማ ወድቄ 8 ዳይስ ተጥሎልኝ ተነሥቼ ስዋጋ ዝም ላለ መሪ፣ አዎን፣ ያስፈልገዋል። ያን ቀን የነበረው ዓለም ከዚህኛው የተለየ አልነበረም። የመጪው ቅዳሜ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ከፍ ካለ ቦታ የወደቀ ሰው ምን እንደሚሆን ተጽፎ ይሰጠን፤ እስከዚያ ጦረኛዬን እንደ ሞተ አልቆጥረውም፤ አዲስ ወረቀትም አልሞላም።

ሐይቅ ዳር፦
ሞቷል። ቅዳሜም የምንጀምረው ከቀብሩ ነው።