የሺስት ስላይዶቼ ተምታቱብኝ፣ ጠዋት አቅራቢ ነኝ!

ሸዋዬ፦ እባካችሁ ድረሱልኝ! ስላይዶቹን (መስታወት ላይ የተለጠፉ ስስ የሺስት ቁራጮች ናቸው፤ ሺስት በሙቀትና በግፊት የተለወጠ ድንጋይ ነው) በአልኮል ስጠርግ የተጻፈባቸው ቁጥር ለቀቀ። ሦስት ናቸው፤ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ግሬድ፣ ማለትም ድንጋዩ የተለወጠበት ደረጃ። በጥቃቅን ማዕድናቸው መለየት ይቻላል? የማቀርበው ነገ 3 ሰዓት ነው።

የመንዝ ልጅ፦ ቆይ፣ ሺስት ከየት አመጣሽ? ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ባዛልትና መሰል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ጀማ ሸለቆ ብትወርጂም አሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ነው።

ሸዋዬ፦ ድንጋዩ ከደቡብ ኢትዮጵያ፣ ከአዶላ ነው። ደብረ ብርሃን ያለሁት እኔ ነኝ።

ጋሽ መዶሻ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ትልልቆቹን ማዕድናት እዪ። ጂኦሎጂስቱ ባሮው በ1893 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ተራሮች የጀመረው፣ ግሬዱ ሲጨምር ማዕድናት የሚወጡበት ቅደም ተከተል አለ፦ ክሎራይት፣ ባዮታይት፣ ጋርኔት፣ ስታውሮላይት፣ ካያናይት፣ ሲሊማናይት። ይህን ሳያውቁ ጥቃቅኑ ውስጥ መግባት ልፋት ነው።

ብርዱ ገደለኝ፦ በዚህ ብርድ አንድ መለኪያ አረቄ ሳይቀመስ ማይክሮስኮፕ ይታያል እንዴ? 😀 አይዞሽ እህቴ።

ቀይ አፈር፦ አላናይትና ሞናዛይት የሚባሉትን ጥቃቅን ማዕድናት ፈልጊ። ከጭቃ ድንጋይ በመጣ ሺስት ዝቅተኛው ላይ ብዙ ጊዜ አላናይት አለ። ስታውሮላይት በሚወጣበት አካባቢ፣ 525–550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም፣ አላናይቱ ይጠፋና ሞናዛይት ይተካዋል። አላናይት ቡናማ ነው፤ የማይክሮስኮፑን ስቴጅ (የስላይድ ማስቀመጫውን) ስታዞሪ ቀለሙ ይደምቃል፣ ይፈዛል። ሞናዛይት ቀለሙ ገረጣ ያለ ነው። ባዮታይት ውስጥ ሲቀመጡ ሁለቱም ዙሪያቸውን ያጠቁሩታል። ዚርኮን የሚባለው ማዕድንም ያጠቁራል፤ በጥቁሩ ክብ ብቻ እንዳትፈርጂ።

የመንዝ ልጅ፦ ካልሲየም የበዛበት ከሆነስ? አላናይቱ ከዚያ በላይም ይቆያል። ሦስቱም አንድ ዓይነት ድንጋይ መሆናቸውን በምን አወቅሽ?

ጋሽ መዶሻ፦ ጋርኔት እዪ አልኩሽ! ጋርኔት ሲያድግ ኢትሪየም የተባለውን ንጥረ ነገር ስለሚወስደው፣ ኢትሪየም ያለበት ዜኖታይም የሚባለው ጥቃቅን ማዕድን እንኳ እየጠፋ ይሄዳል። ቱርማሊንን ተዪው፣ ከታች እስከ ላይ አይጠፋም።

ላብ ረዳት፦ ስላይዱ ሲቆረጥ የተረፈው ድንጋይ የት አለ? ቁጥር እሱም ላይ ይጻፋል። መስታወቱን ገልብጪና የድንጋዩን ወገን ወደ ታች አድርገሽ በተቆረጠው ፊት ላይ አስቀምጪው። የሚካው (የቅጠላማው ማዕድን) መስመርና ትልልቆቹ ጋርኔቶች ከገጠሙ እሱው ነው።

ሸዋዬ፦ ውይ! ካርቶን ውስጥ ናቸው! የላቡ ቁልፍ ጥበቃው ጋ ነው፣ እየሮጥኩ ነው።

ቀይ አፈር፦ ስታገኚው ቁጥሩን በአልማዝ ብዕር መስታወቱ ላይ ጫሪው፣ አልኮል አያስለቅቀውም። ሞናዛይቱ በየትኛው ላይ እንደወጣ ግን ንገሪን፣ የአዶላውን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ብርዱ ገደለኝ፦ ሸዋዬ፣ ገጠመ?