ለእንግሊዝኛ የሙግት ድርሰትና ለክርክር የሚሆኑ ሐረጎች የትኞቹ ናቸው?

የሳቢያን ተማሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። በድሬዳዋ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስሆን፣ የእንግሊዝኛ ክበባችን በሚመጣው ሳምንት በሚያዘጋጀው ክርክር ላይ «ከዚራ ያለው የድሮው ባቡር ጣቢያ ግቢ በሙሉ ሙዚየም ይሁን» የሚለውን አቋም ደግፌ እንድናገር ተመድቤያለሁ። በዚሁ ርእስ የጻፍኩት ድርሰት ሲመለስልኝ «ሞርኦቨር» የሚለው ቃል አምስት ቦታ ተከቦ፣ «አኮርዲንግ ቱ ሚ» ደግሞ በቀይ ተሰርዞ አገኘሁት፤ ምክንያቱ ግን አልተጻፈልኝም። ከስልኬ ያወረድኩት የሐረጎች ዝርዝር ከመቶ ያልፋል፤ ሆኖም የትኛው የት እንደሚገባ መለየት ስላቃተኝ የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መምህር ከሐረር፦
ልጄ፣ ዝርዝሩን ለጊዜው አስቀምጪው። «አኮርዲንግ ቱ ሚ» የተሰረዘው «እንደ እኔ» የሚለውን አማርኛ ቃል በቃል ስለገለበጥሽው ነው። እንግሊዝኛው «አኮርዲንግ ቱ»ን የሚጠቀመው የሌላን ሰው ቃል ወይም የአንድን ሰነድ መረጃ ለመጥቀስ ነው፤ ለራስሽ ሐሳብ «ኢን ማይ ቪው» ወይም «አይ ዉድ አርጊው ዛት» በይ። ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስሕተት በየዓመቱ አርማለሁ። በአማርኛ «ምንም እንኳ ጥገናው ውድ ቢሆንም፣ ግን አስፈላጊ ነው» ብንል ማንም አይቆጣንም፤ በእንግሊዝኛ ግን «ኦልዞው» ካልሽ በኋላ «በት» አይከተልም፤ ከሁለቱ አንዱ ይበቃል።

«ሞርኦቨር» ቀደም ባለው ነጥብ ላይ በዚያው አቅጣጫ ሌላ ነጥብ ሲጨመር የሚገባ ቃል ነው። የምትጽፊው ነጥብ የቀደመው ውጤት ከሆነ «ዜርፎር» ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ዐረፍተ ነገሩ ያለ ምንም ማያያዣ ራሱን ችሎ ይቆማል። ከሁሉ በላይ ልታጠኚው የሚገባው «ኢት ኢዝ ትሩ ዛት» ብሎ የተቃዋሚን ጠንካራ ነጥብ ከተቀበሉ በኋላ «ነቨርዘለስ» ብሎ መመለስን ነው፤ ይኸውም የእኛው «እርግጥ ነው… ይሁን እንጂ» ነው። ግቢውን ማደስ ገንዘብ እንደሚጠይቅ ተቃዋሚሽ ሳይነግርሽ አንቺው ብታነሺው የሚናገረው ያጥርበታል።

የገንደ ቆሬ ልጅ፦
በመምህር ሐሳብ እስማማለሁ፤ «ነቨርዘለስ» ግን በአፍ ሲነገር ይከብዳልና መድረክ ላይ «ኢቭን ሶ» ብትይ ይቀልሻል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የምንከራከረው በብሪቲሽ ፓርላሜንተሪ ሥርዓት ነበር፤ ሁለት ሁለት ተናጋሪ ያላቸው አራት ቡድኖች ይቀርባሉ፤ አንድ ንግግር አብዛኛውን ጊዜ 7 ደቂቃ ሲሆን፣ ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ደቂቃ በስተቀር ተቃዋሚ ተነሥቶ «ፖይንት ኦፍ ኢንፎርሜሽን» ብሎ ጥያቄ ሊያቀርብ ይችላል። አልቀበልም ለማለት «ኖ፣ ታንክ ዩ» ይበቃል። እኔ በመጀመሪያው ቀን በእያንዳንዱ ጥያቄ ፊት «ዊዝ ኦል ዱ ሪስፔክት» ስል አዳራሹ ሳቀብኝ፤ ሐረጉ ለእንግሊዝኛ ጆሮ ከአክብሮት ይልቅ ለነቀፋ መቅረቡን ያወቅሁት በኋላ ነው። ለማፍረስ የሚጠቅምሽ «ዚስ አሱምስ ዛት» ነው፤ ተቃዋሚሽ ሳይናገር የተመረኮዘበትን ግምት አውጥተሽ ታሳዪበታለሽ።

የሳቢያን ተማሪ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ታዲያ መምህር፣ «ሲሚላርሊ» ብዬ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የተመዘገበውን ጁገልን እንደ አስረጂ ባመጣ ይስማማል?

መምህር ከሐረር፦
ቃሉ ይስማማል፣ አስረጂው ግን ይጎዳሻል። ጁገል ውስጥ ሰው ይኖራል፣ ይነገድበታል፤ በሙሉ ሙዚየም አልሆነም። ተቃዋሚሽ «ኦን ዘ ኮንትረሪ፣ ጁገል የተጠበቀው ሰው ስለሚኖርበት ነው» ቢልሽ ምን ትመልሻለሽ? በነገራችን ላይ ይህን ሐረግ ከ«ኦን ዘ አዘር ሃንድ» ጋር አታምታቺው፤ የመጀመሪያው የተባለውን ያፈርሳል፣ ሁለተኛው የነገሩን ሌላ ገጽታ ያሳያል። ይልቅ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማዋ በጣቢያው ዙሪያ መቆርቆሯን «ፎር ኢንስታንስ» ብለሽ አምጪው። ባቡሩ ዳገቱን ፈርቶ ሐረርን መተዉን ግን ባታነሺብን ደስ ይለናል።

የሳቢያን ተማሪ፦
እሺ መምህር፣ እርሱን አላነሣም። አሁን የመክፈቻ ዐረፍተ ነገሬን «ዲስፓይት ኦፍ ዘ ኮስት፣ ዘ ስቴሽን ዲዘርቭስ ፕሮቴክሽን» ብዬ ጽፌዋለሁ።

መምህር ከሐረር፦
«ኦፍ»ን አውጪው፤ እርሱ የሚከተለው «ኢን ስፓይት»ን ነው። ሌላው ደኅና ነው።