"ማየሎ" ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ፣ እባካችሁ አግዙኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የነርቭ፣ የዓይንና የጆሮ የሕክምና ቃላትን እያጠናሁ ነው። ጆሮው ብዙም አላስቸገረኝም፤ "ኦቶ" ካለ ጆሮ ነው፣ አለቀ። ዓይን ላይ "ኦፍታልሞ" ከግሪክ፣ "ኦኩሎ" ከላቲን መምጣታቸውን ሳውቅ ቀለል አለኝ።

ያቃተኝ "ማየሎ" የሚለው የቃል ክፍል ነው። ፖሊዮማየላይቲስ (የፖሊዮ በሽታ) ላይ ሕብለ ሰረሰር፣ ኦስቲዮማየላይቲስ (የአጥንት ኢንፌክሽን) ላይ ደግሞ መቅኔ ይሆናል። እሺ፣ "ኦስቲዮ" አጥንት ስለሆነ እዚያ ፍንጭ አለ። ማየሎማና ማየሎግራም ላይ ግን ምን ልያዝ? አንዱ ከመቅኔ የሚነሳ ካንሰር፣ ሌላው የሕብለ ሰረሰር አካባቢ የራጅ ምርመራ ነው። ቃሉ ብቻውን ፈተና ላይ ቢመጣ በምን ትለያላችሁ? ዝም ብሎ መሸምደድ ነው እንዴ? "ኬራቶ"ም እንደዚሁ ነው፤ አንዴ ኮርኒያ (የዓይን ፊት ያለው ግልጽ ሽፋን)፣ አንዴ የጠነከረ ቆዳ። ዘዴ ያላችሁ፣ በምሳሌ አስረዱኝ።