የልጆች አመጋገብና እንቅስቃሴ ፕሮፖዛል፦ ረቂቅ ሦስት፣ አስተያየት እስከ ዓርብ ማታ

ጸሐፊዋ፦ ረቂቅ ሦስት ተያይዟል። ዓርብ ማታ ይዘጋል። ባለፈው ዓመት በሁለት ሰዓት ዘግይተን እንደወደቅን አልደግመውም። ባጭሩ፦ አሥራ ሁለት ሳምንት፣ ከትምህርት በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ጨዋታ፣ አንድ ቀን ከወላጅ ጋር ምግብ ማብሰል። የበጀቱ ግማሽ ለማብሰያ ዕቃ ነው። የሚናገር አሁን ይናገር።

ነርሷ፦ ገጽ ሁለት ላይ «ቢኤምአይ ከ25 በላይ» ብላችኋል። ቢኤምአይ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽር ቁጥር ነው፣ 25 ግን የአዋቂ መለኪያ ነው። ለልጅ በዕድሜና በፆታ የተለየ ሰንጠረዥ አለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው። የሰባት ዓመት ልጅ 25 እስኪገባ ከጠበቃችሁ ነገሩ ካለፈ ቆይቷል።

ጸሐፊዋ፦ ይስተካከላል።

አሠልጣኙ፦ ሦስት ቀን አይበቃም። ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ነው፣ ልቡ ቶሎ ቶሎ እስኪመታ። አጥንትና ጡንቻ የሚያጠነክረው ደግሞ፣ ዝላዩ፣ መንጠላጠሉ፣ ቢያንስ በሳምንት ሦስቴ። የቀሩትን ቀናት ለማን ነው የተውናቸው?

የመንትዮቹ እናት፦ ለወላጅ። እሱም ይጻፍ። ቤት ገብቶ ስልክ ይዞ ከተጋደመ የእናንተ ሩጫ ምን ይፈይዳል?

ሒሳብ ያዡ፦ ቲሸርቱ ቢጫ ነው የሚለው። ማን ወሰነ?

ጸሐፊዋ፦ አባሪው ላይ ያለች አንዲት መስመር ናት። እለፋት።

ሒሳብ ያዡ፦ አላልፋትም። ቢጫ ቆሻሻ ያሳያል። ያኔ አረንጓዴው ለቆ የሰው ልብስ ሲያበላሽ ስልክ ሳነሳ የከረምኩት እኔ ነኝ።

የሦስተኛ ክፍል አባት፦ አረንጓዴውን የመረጥከውም አንተ ነህ።

ሒሳብ ያዡ፦ ርካሹን ነው የመረጥኩት፣ ገንዘብ ስላልነበረ። ደረሰኙ አለ። የሚጠራጠር መጥቶ ይይ።

የሦስተኛ ክፍል አባት፦ ሰማያዊ ይሁን። የማኅበሩ ቀለም ነው።

አሠልጣኙ፦ ማኅበሩ ቀለም ያወጣው መቼ ነው?

የሦስተኛ ክፍል አባት፦ ማኅተሙን አላየህም?

አሠልጣኙ፦ ማኅተም ሁሉ ሰማያዊ ነው፣ ወንድሜ።

የመንትዮቹ እናት፦ ቀለሙን ተዉትና ጀርባው ላይ የሚጻፈውን አንብባችኋል? «ውፍረትን እንከላከል» ይላል። ይህን ለብሶ የሚሮጠው እኮ ወፍራሙም ልጅ ነው። ከኋላው ያለው ልጅ ምን እያነበበ እንደሚከተለው አስቡት።

የሦስተኛ ክፍል አባት፦ አጋነንሽው። መፈክር ነው። ልጆች ጀርባ አያነቡም።

የመንትዮቹ እናት፦ የኔ ልጅ ያነባል። ባለፈው ዓመት ስትመዝኗቸው ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን አወለቀ፣ ቀበቶውን አወለቀ። ሚዛኑ ላይ ሊወጣ ሲል ተመለሰና ከኪሱ ሁለት ብይ አውጥቶ ለእህቱ ሰጣት። ሁለት ብይ! ከዚያ ቁጥሩ ጮክ ተብሎ ተነበበ። ከዚያ ቀን ወዲህ ምሳ ዕቃው እንደታሸገ ይመለሳል። ከአልጋው ሥር ደግሞ የብስኩት ወረቀት እየጠረግኩ ነው።

የሦስተኛ ክፍል አባት፦ እኔ ያወራሁት ስለ ቲሸርት ነው።

ነርሷ፦ እሷም ስለ ቲሸርት ነው የምታወራው። ሲሾፍበት ይቀጥናል ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ከጨዋታ ይሸሻል፣ ተደብቆ ይበላል፣ ብዙ ጊዜም ጭራሽ ይጨምራል። መመዘን ካስፈለገ በር ተዘግቶ፣ ውጤቱ ለወላጅ ብቻ።

ሰብሳቢው፦ አሁን ነው ስልኬን ያየሁት። ይሄ ሁሉ መልእክት ለቲሸርት? ስሙኝ፣ የረጂው ጥሪ ስለ ውፍረት ነው። ቃሉ ከወጣ ገንዘቡ የለም።

የመንትዮቹ እናት፦ ፕሮፖዛሉ ላይ መቶ ጊዜ ጻፉት። የልጄ ጀርባ ላይ አትጻፉት።

አሠልጣኙ፦ «ሩጥ» ብለን እንገላገል።

ጸሐፊዋ፦ ሴቶቹስ?

ሒሳብ ያዡ፦ «እንሩጥ»። ለሁሉም ይሆናል። አጭርም ነው፣ ማተሚያ ቤቱ በፊደል ነው የሚያስከፍለን።

ነርሷ፦ እሺ፣ አሁን ወደ ምግቡ። ገጽ አራት ላይ «ለአሸናፊው ቸኮሌት» ይላል። ጣፋጭን ሽልማት ካደረግነው ይበልጥ ነው የሚወደው። የመዝጊያው ቀን ለስላሳም ይውጣ። በ330 ሚሊ ሊትር ጣሳ ውስጥ ወደ 35 ግራም ስኳር አለ፣ ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ገደማ። ጭማቂ እንተካለን እንዳትሉ፣ የሱም ስኳር ይቆጠራል። ውኃ። ደግሞ «ሳህኑን እንዲጨርስ ማበረታታት» የሚለው ይሰረዝ። ምን እንደሚቀርብ እኛ እንወስን፣ ምን ያህል እንደሚበላ እሱ። አዲስ አትክልት አንዴ ተፍቶት ቢሄድ አትደንግጡ፣ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ መቅረብ ሊኖርበት ይችላል።

የሦስተኛ ክፍል አባት፦ ሽልማት ከሌለ ማን ይመጣል?

አሠልጣኙ፦ መዝለያ ገመድ ስጡት።

ሰብሳቢው፦ ማብሰሉን አስተምራለሁ ያለችውስ? ከሰኞ ጀምሮ አይታ ዝም ብላለች።

ጸሐፊዋ፦ ደወልኩ። አታነሳም።

ሒሳብ ያዡ፦ አስተማሪ ለሌለው ክፍል ድስት አልገዛም። ገንዘቡ ወደ ቲሸርት ይዙር፣ ለወላጆችም ይደርሳል።

ነርሷ፦ ማብሰሉ እኮ ዋናው ነበር።

ሰብሳቢው፦ ታስተምሪያለሽ?

ነርሷ፦ የሌሊት ተረኛ ነኝ።

ሰብሳቢው፦ በቃ፣ «በሁለተኛ ዙር» በሉት። ረጂው ፎቶ የሚወጣ ነገር ይወዳል፣ በትልቅ ሩጫ እንክፈት።

የሦስተኛ ክፍል አባት፦ የመንትዮቹ እናት፣ ያን ቀን ቁጥሩን ያነበብኩት እኔ ነኝ። መዝጋቢው ርቆ ስለተቀመጠ ነው የጮህኩት። አላሰብኩትም።

የመንትዮቹ እናት፦ አውቃለሁ። ድምፅህን ለይቼዋለሁ።

ጸሐፊዋ፦ ረቂቅ አራት ተያይዟል። አሥራ ሁለት ሳምንቱ ስድስት ሆኗል፣ ሜዳውን ከዚያ በላይ አይሰጡንም። የመክፈቻ ሩጫ ተጨምሯል። ማብሰል ሁለተኛ ዙር። ቲሸርት ለልጅና ለወላጅ፣ «እንሩጥ»። የልጆቹን ልክ የሚሰበስብ አንድ ሰው እፈልጋለሁ።

ጸሐፊዋ፦ ማንም የለም?

የመንትዮቹ እናት፦ የኔን ልጅ ልክ እኔ እልክልሻለሁ። እሱን እንዳትጠይቁት።

ሒሳብ ያዡ፦ ቢጫ እንደሆነ ነው ያለው እንዴ?