በ200 ዶላር ለ15 ዓመት ልጅ የመጀመሪያ ኤርሶፍት፦ ምን ልግዛ?

የናሆም እናት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁም። ልጄ 15 ዓመቱ ነው። የክፍል ጓደኞቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ኤርሶፍት፣ ማለትም የፕላስቲክ ፍሬ በሚተኩስ የጨዋታ ጠመንጃ መታኮስ፣ ይጫወታሉ፤ እሱም "እኔስ?" እያለ ከያዘኝ ቆየ። በትምህርቱ ጎበዝ ስለሆነልኝ እሺ ብዬዋለሁ። ችግሩ ለሁሉም ነገር ያለኝ 200 ዶላር ብቻ ነው። የቤት ኪራይ ጨምሮብኛል፣ ከዚህ በላይ ማውጣት አልችልም። አንድ የስፖርት ዕቃ መደብር ውስጥ በ60 ዶላር ኤሌክትሪክ ነው የተባለ ጠመንጃ አየሁ፤ ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ቁርጥ እሱን የሚመስል 170 ይላል። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሽጉጥ ርካሽ ስለሆነ በሽጉጥ ይጀምር የሚሉኝም አሉ። ልጁ መነጽር ያደርጋል። ጠመንጃ የሚመስል ነገር ቤቴ ሊገባ መሆኑም አስጨንቆኛል። የምታውቁ ምከሩኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሸገር (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

እህቴ፣ ሳትገዢ መጠየቅሽ በጣም ጥሩ ነው። የሁለቱ ልዩነት ሆዳቸው ውስጥ ነው። ኤሌክትሪክ የሚባሉት ሁሉ አሠራራቸው አንድ ነው፦ ባትሪው ሞተሩን ያንቀሳቅሳል፣ ሞተሩ ጥርሶቹን ያዞራል፣ ጥርሶቹ ፒስተኑን ወደ ኋላ ስበው ሞላውን ይጨምቃሉ፣ ሞላው ሲለቀቅ አየሩ 6 ሚሊ ሜትር የሆነችውን የፕላስቲክ ፍሬ ያስወነጭፋታል። በ60 ዶላሩ ውስጥ ጥርሱም፣ ጥርሱን የያዘው ሳጥንም ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው። ሲሰበር መለዋወጫ ስለሌለው መጣል ነው። በሌላው ግን ሳጥኑ ብረት ነው። በተለይ ኤም 4 የተባለውን የአሜሪካ ወታደር ጠመንጃ የሚመስሉት አብዛኞቹ ቨርዥን 2 የሚባለውን የማርሽ ሳጥን ስለሚጠቀሙ ሞላውም፣ ፒስተኑም፣ ሞተሩም በቀላሉ ይገኛል።

ሽጉጡን ለጊዜው ተዪው። በጋዝ የሚሠራው ብርድ ሲሆን ግፊቱ ይወርዳል፣ ጋዙ ሁልጊዜ ይገዛል፣ ተጨማሪ ካዝናውም ውድ ነው። በእጅ እየተሳበ አንድ አንድ ፍሬ የሚተኩሰው በ30 እና በ40 ዶላር ይገኛል፤ ለጓሮ ዒላማ ይበቃል፣ ሜዳ ላይ ግን ልጁ ገና እየሳበ ሳለ ሌሎቹ ይመቱታል፤ ተስፋ ይቆርጣል።

ለጀማሪ ስም ያላቸው ሦስት ናቸው፦ ላንሰር ታክቲካል ጄን 2፣ የጂ ኤንድ ጂ ኮምባት ማሽን፣ እና ክላሽ ከወደደ የሳይማ ክላሽ። እኔ ብሆን ላንሰሩን ነበር የምገዛው፤ ብዙ ጊዜ ባትሪና ቻርጀር አብሮት ይመጣል። ገጹ ላይ ከነባትሪው መሆኑን አንብቢ፤ ያለ ባትሪ ረክሶ የታየ ጠመንጃ ባትሪና ቻርጀር ሲጨመርበት 40 እና 50 ዶላር ከፍ ይላል።

ሶስና (ሂዩስተን)

ዓይን ክሊኒክ ስለምሠራ የምለውን በደንብ ስሚኝ። ጠመንጃውን ከመምረጥሽ በፊት የፊት መከላከያውን ግዢ። እነዚህ ፍሬዎች በሰከንድ 350 ጫማ ይሄዳሉ፤ በ0.20 ግራም ፍሬ ወደ 1.1 ጁል (የምቱ ኃይል መለኪያ) ገደማ ማለት ነው። ቆዳ ላይ ያቃጥላል፣ ያልፋል። ዓይን ላይ ግን ውስጡ ደም ያፈሳል፣ ሬቲና ያላቅቃል፣ የዓይን ሞራም ያመጣል። የልጅሽ መነጽር መከላከያ አይደለም፤ እንዲያውም ተሰብሮ ራሱ ይጎዳዋል።

በሽቦ መረብ የተሠራ መነጽር አትግዢለት። ጉም ስለማይዘው ይወዱታል፤ ነገር ግን ርካሽ ፍሬ ሲመታው ተሰባብሮ ስብርባሪው በቀዳዳው ይገባል። ለመነጽር አድራጊ የሚሻለው ሙሉ ፊት የሚሸፍነው፣ ለፔይንትቦል የሚሠራው ማስክ ነው፤ ሁለት ድርብ መስታወት ያለውን ፈልጊ፣ እሱ ጉም ቶሎ አይዘውም። ሱቅ ሄዳችሁ መነጽሩን አድርጎ ከላይ ይልበሰው። ጎንበስ ይበል፣ ራሱን ያወዛውዝ፣ ይዝለል። በጉንጩ ወይም በቅንድቡ በኩል ጣትሽ የሚገባበት ክፍተት ካለ ይለፈው። መነጽር ብቻ የምትገዢ ከሆነ ደግሞ ፊትን ዙሪያውን የሚገጥምና ዜድ 87 ፕላስ (Z87+) የሚል፣ ምት መቻሉን የሚያሳይ ምልክት መስታወቱ ወይም ፍሬሙ ላይ የታተመበት ይሁን። አፍም ይሸፈን፤ የፊት ጥርስ የሰበረ ፍሬ የጥርስ ሐኪም ክፍያው ከጠመንጃው ይበልጣል።

ዳኒ (አትላንታ)

ከሸገር ጋር የምለያየው አንድ ቦታ ነው። እኔ እሱ ባለው ገንዘብ ወዲያው አልገዛም። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ይከራይ። ሜዳዎቹ አብዛኞቹ ጠመንጃና ማስክ ያከራያሉ። ልጆች አንድ ቀን ሮጠው "በቃኝ" ሊሉ ይችላሉ፤ ከወደደው ደግሞ ክላሽ ይሁን ኤም 4 በእጁ ይዞ ያውቀዋል። እጁ አጭር ከሆነ ሰደፉ የሚያጥር ያስፈልገዋል፣ ይህን ፎቶ አይነግርሽም።

ሁለተኛ፣ ከመግዛትሽ በፊት ልጆቹ ወደሚጫወቱበት ሜዳ ደውዪ። ፍጥነት የሚለኩበት ክሮኖ የሚባል መሣሪያ በር ላይ አለ፤ ከወሰኑ በላይ የተኮሰ ጠመንጃ አይገባም። ቤት ውስጥ የሚጫወቱ ሜዳዎች ብዙዎቹ በሰከንድ 350 ጫማ ገደማ ላይ ያቆማሉ፣ ደጅ ያሉት 400 ገደማ ላይ። 390 የሚተኩስ ገዝተሽ ሜዳው የቤት ውስጥ ከሆነ በዚያው ቀን ይዘሽው ትመለሻለሽ። ፍጥነቱ በ0.20 ግራም ፍሬ የተለካ መሆኑንም ጠይቂ።

ያገለገለ መግዛትም ይቻላል፤ ሰው ስለሚያሻሽል ደህናውን በ100 ዶላር ይለቃል። ሲሄዱ ግን ባትሪ አስገብቶ ይተኩስ፣ በቪዲዮ አትመኑ። ድምፁን አዳምጡ፦ እኩል እየደጋገመ መምታት አለበት፤ የሚያፏጭ ወይም የሚፋጭ ከሆነ ጥርሱ አልተስተካከለም። ምላጩ ተስቦ ሞተሩ ብቻ የሚጮህ፣ ፍሬ የማይወጣ ከሆነ ፒስተኑ ተበልቷል። ጠመንጃውን ገልብጣችሁ ብሎኖቹን ተመልከቱ። ጭንቅላታቸው የተላጠ ከሆነ ያለ ሙያ የከፈተው ሰው አለ፤ ዋጋውን አትከራከሩ፣ ትታችሁ ሂዱ።

ጋሽ አበራ (ዴንቨር)

ልጄ፣ እኔ በወጣትነቴ ወታደር ነበርኩ። ፕላስቲክ ቢተኩስም አያያዙ እንደ እውነተኛው ይሁን። ጣቱ ከምላጩ ውጪ፣ አፈሙዙ ሁልጊዜ ወደ መሬት፤ ሰው ላይ ለጨዋታ እንኳ ከሜዳው ውጪ አያነጣጥር። አንድ ነገር አስተምሪው፦ ካዝናው ስለወጣ ጠመንጃው ባዶ ነው ማለት አይደለም። አንድ ፍሬ በርሜሉ ሥር ተቀምጣ ትቀራለች። ካዝናውን ያውጣ፣ ወደ መሬት ደጋግሞ ይተኩስ፣ ከዚያ ባትሪውን ይንቀል። ማስኩን የሚያወልቀው ከሜዳው ከወጣ በኋላ ነው። ቤት ስትገቡ ጠመንጃው ተቆልፎበት ቁልፉ አንቺ ዘንድ ይሁን።

ሸገር

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልን። ይህን በር ላይ ለወጣቶቹ ሁሉ ቢነግሩልን ደስ ይለኛል።

ቤዛ (ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ)

የናሆም እናት፣ ያስጨነቀሽ ነገር ትክክለኛ ጭንቀት ነው፤ ማንም አቅልሎ እንዳያሳይሽ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2014 እዚሁ ኦሃዮ ክሊቭላንድ ውስጥ ታሚር ራይስ የተባለ የ12 ዓመት ጥቁር ልጅ መናፈሻ ውስጥ ኤርሶፍት ሽጉጥ ይዞ ሲጫወት ፖሊስ ተጠራበት። ሽጉጡ ጫፉ ላይ ሊኖር የሚገባው ብርቱካናማ ምልክት አልነበረውም። ፖሊሱ በደረሰ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ተኮሰበት፤ ልጁ በማግስቱ ሞተ። እኔም የወንድ ልጆች እናት ነኝ፤ ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ስለዚህ ብርቱካናማውን ጫፍ አይንቀል፣ ቀለም አይቀባው። ግን በእሱ ብቻ አትተማመኑ፤ ከሩቅ አይታይም። ጠመንጃው ከቤት እስከ ሜዳው በር ድረስ ዚፕ ባለው ቦርሳ ውስጥ ይሁን፣ ቦርሳውም የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ። አውቶቡስ ላይ ይዞ አይሂድ። ፊት ለፊት ጓሮ፣ መናፈሻ፣ ፓርኪንግ ላይ አያውጣው፤ ለፎቶም ቢሆን። ትምህርት ቤት መቆለፊያ ሳጥን ውስጥማ በጭራሽ። ፖሊስ ካስቆማችሁ እጁ ባዶ ሆኖ ይታይ፣ ቦርሳ ውስጥ ምን እንዳለ አንቺ ቀድመሽ ተናገሪ። የከተማና የካውንቲ ደንብ ይለያያል፤ ድልድዩን ተሻግራችሁ ዲሲ ስትገቡ ደግሞ ሌላ ነው። ጓሮሽ ውስጥ እንኳ ከመተኮሱ በፊት የሰፈርሽን ደንብ ጠይቂ።

ጎንደር (ፍራንክፈርት)

አውሮፓ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ የአሜሪካውን ምክር እንዳለ አትውሰዱ። እዚህ ጀርመን ከ0.5 ጁል በላይ የሆነው ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ኃይል በላይ ሆኖ በተከታታይ የሚተኩስም አይፈቀድም። እንግሊዝ አገርም ከ18 ዓመት በታች ላለ አይሸጥም። ለእረፍት ወደ አገር ቤት ስትሄዱም ልጆቻችሁ ሻንጣ ውስጥ እንዳይከቱት ፈትሹ።

የናሆም እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ወደ ሜዳው ደወልኩ። የቤት ውስጥ ነው፣ ወሰኑ 350 ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሙሉ ማስክ ግዴታ ነው አሉ፤ ወላጅም ይፈርማል። ነጠላ ተኩስ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ማስክ በ45 ዶላር መነጽሩን የሚያስገባ አግኝተናል፤ ልጁ ሱቁ ውስጥ ሲዘል ሰው ሁሉ አየን። ቦርሳ 20፣ ፍሬ 15። የቀረኝ 120 ነው። ላንሰሩ 150 ይላል፣ ያውም ፍጥነቱ 390። ምን ላድርግ?

ሸገር

ዳኒ ልክ ነበር፣ መጀመሪያ መደወሉ ጠቀመ። ላንሰር ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ምርጫም አለው፣ ለቤት ውስጥ ሜዳ የሚሆን፤ እሱን ፈልጊ። 120 ላይ ካልወረደ ቅናሽ እስኪመጣ ጠብቂ፤ የታንክስጊቪንግ ሰሞን ይረክሳል። እስከዚያ ማስኩ የራሱ ስለሆነ ጠመንጃ ብቻ ይከራይ። ከማስኩ ቀንሰሽ ወደ ጠመንጃው እንዳትጨምሪ።

ፍሬ ላይም አንድ ነገር። መደብር ውስጥ በትልቅ ጠርሙስ የሚሸጠው ቢጫ 0.12 ግራም አይግዛ፤ መሃሉ ላይ ስፌት አለው፣ በርሜል ውስጥ ይቀረቀራል። ለስላሳ የተወለወለ 0.25 ግራም ይሁን፤ 1 ኪሎው 4,000 ፍሬ ነው፣ በነጠላ ተኩስ ብዙ ቅዳሜ ይበቃዋል። መሬት የወደቀ ፍሬ ለቅሞ መልሶ አይጫን፤ አሸዋ ይዞ ይገባል።

ዳኒ

ያገለገለ ካገኘሽ ባትሪውን ግን አዲስ ግዢ። የኒኬል 8.4 ወይም 9.6 ቮልት ለጀማሪ ይበቃል፣ አያያዙ ላይ ስህተት ቢኖርም ይታገሳል። ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) የተባለው ባትሪ ይሻላል፣ ነገር ግን የራሱ ቻርጀር ይፈልጋል፤ ከተነፋ ወይም ከተበሳ እሳት ሊነሳ ይችላል። ሊፖ ከመጣላችሁ የምትቀመጡበት ክፍል ውስጥ፣ ሴራሚክ ወይም ኮንክሪት ላይ ቻርጅ ይደረግ፤ ሌሊት ተኝታችሁ አይሆንም።

የናሆም እናት

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ልጁ ሆፕ አፕ ይስተካከል ይላል፣ ምንድን ነው?

ዳኒ

በርሜሉ መጀመሪያ ላይ ያለች ትንሽ ጎማ ናት። ፍሬዋን ከላይ ነክታ ወደ ኋላ እንድትሽከረከር ታደርጋታለች፤ በዚያ ሽክርክሪት ነው አየር ላይ ቀጥ ብላ ርቃ የምትሄደው። ማስተካከያዋን መጀመሪያ ሙሉ ለሙሉ ያጥፋት። ሜዳው ላይ ዒላማ መሞከሪያ ቦታ አለ፤ እዚያ ማስኩን አድርጎ አንድ አንድ ይተኩስ። ፍሬዋ ቶሎ የምትወድቅ ከሆነ ትንሽ ይጨምር፤ መጨረሻዋ ላይ ወደ ላይ የምትነሳ ከሆነ በዝቷል፣ ይቀንስ። ከ0.20 ወደ 0.25 ፍሬ ሲቀይር እንደገና ያስተካክላል።